«ዝናብ ነው» ያልነው ውሃ፦ የሸራ ጀልባ ኪልና ማሸጊያው

«ዝናብ ነው ጋሼ፣ አይስጉ» አለኝ የእህቴ ልጅ፣ አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ከጀልባው ወለል ላይ ውሃ እየጨለፈ። እኔም አልሰጋሁም። ጊዜው የሰኔ መጀመሪያ ነው። ሲያትል ዝናብ የማያጣት ከተማ መሆኗን ከአዲስ አበባ ሳልነሳ ሰምቻለሁ። ጀልባዋም ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ መሸፈኛ ወደብ ላይ ታስራ ቆይታለች። ታዲያ አንድ ባልዲ ተኩል ውሃ ቢገኝባት ምን ይገርማል?

የገረመው ሰው፣ አጠገባችን የራሱን ጀልባ ሲፍቅ የነበረ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ነው። ፈቃድ ጠይቆ ወደ ውስጥ ገባ፤ ጣቱን ውሃው ውስጥ ነከረና ቀመሰው። «ዝናብ ጨው ጨው አይልም» አለ።

ነገሩ በዚህች በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተገለበጠ። ውሃው ከላይ የወረደ ሳይሆን ከታች የገባ ነው። ከታች የሚገባ ውሃ ደግሞ ሰማዩ ሲጠራ አያቆምም። በማግስቱ እሑድ እህቴን አሳፍረን ልንወጣ ቀጠሮ ይዘን ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ «ባሕር በር የሌለው አገር ሰው ስለ ጀልባ ምን አገባው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም ብሆን የሕግ ተማሪ እንጂ የባሕር ሰው አይደለሁም። ነገር ግን በዚያ ክረምት የእጅ ባትሪ ይዤ ከጀልባ ሥር ተንበርክኬ የተማርኩት ነገር ጀልባ ላላቸው ብቻ የሚጠቅም ሆኖ አላገኘሁትም። ከልጆቻችን ውስጥም ዛሬ በሐይቅና በባሕር ዳር ከተሞች የሚኖሩት ጥቂት አይደሉም። አንዱ ነገ ርካሽ ጀልባ ማስታወቂያ አይቶ ሊፈተን ይችላል። እስቲ ነገሩን ከመጀመሪያው ልጀምር።

ኪል ምንድን ነው?

የሸራ ጀልባ በነፋስ ይሄዳል። ነፋስ ግን ጀልባውን ወደፊት ብቻ አይገፋውም፤ ወደ ጎንም ይገፋዋል፣ ያጋድለዋልም። ይህን የሚከላከለው ከጀልባው ሆድ ሥር ወደ ውሃ የሚወርድ ከባድ ክንፍ ነው፤ ኪል ይባላል። ሥራው ሁለት ነው። በስፋቱ ጀልባው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፤ በክብደቱ ደግሞ ሲያጋድል መልሶ ያቆመዋል።

ትልልቅ ጀልባዎች ኪላቸው የማይንቀሳቀስ ነው። መኪና በተሳቢ ጎትቶ ወደ ውሃ ለሚያወርዳቸው ትናንሾቹ ግን ይህ አይመችም፤ ኪሉ ወደ ታች እንደ ቆመ ተሳቢ ላይ መጫን ችግር ነው። መፍትሔው የሚታጠፍ ኪል ሆነ። ኪሉ ፊት ለፊት ባለው ጫፉ በአንድ ወፍራም ፒን ላይ ይንጠለጠላል፤ ሲፈለግ እንደ ሰንጢ ይዘረጋል፣ ሳይፈለግ ወደ ላይ ታጥፎ በጀልባው ሆድ ውስጥ በተሠራለት ሰገባ ይገባል።

የእህቴ ልጅ ከአንድ ጡረተኛ በርካሽ የገዛት ጀልባ የዚህ ዓይነት ናት፤ ካታሊና 22 ትባላለች። ፍራንክ በትለር የተባለ አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ የነደፋት ስትሆን፣ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ15,000 በላይ ተሠርታለች። ርዝመቷ 6 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ኪሏ 250 ኪሎ የሚመዝን ጊዛ ነው። ኪሉ ታጥፎ ሲሰበሰብ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ይበቃታል፤ ሲዘረጋ ግን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ታች ይወርዳል።

ውሃው በየት ይገባል?

እዚህ ላይ ነው የነገሩ ቁልፍ። 250 ኪሎ የሚመዝነውን ብረት ማን ያነሳዋል? ከመግቢያው ደረጃ ሥር በእጅ የሚዞር ዊንች አለ። ከዊንቹ የሚነሳው የሽቦ ገመድ በጀልባው ወለል በኩል አልፎ የኪሉ የኋላ ጠርዝ ላይ ይታሰራል። ገመድ እንዲያልፍ ደግሞ ወለሉ መበሳት አለበት። ይኸውም የጀልባ ሆድ ሆን ተብሎ ከውሃ መስመር በታች ተበስቷል ማለት ነው!

ታዲያ ለምን አትሰጥምም? በቀዳዳው ዙሪያ ከፋይበር ግላስ የተሠራ አጭር አንገት አለ። በአንገቱ ላይ የጎማ ቱቦ ይጠልቅና በብረት ማሰሪያ ቀለበት ይጠበቃል። ቱቦው ገመዱን በውስጡ አሳልፎ ወደ ላይ፣ ከውሃ መስመር በላይ እስከሚገኘው ዊንች ድረስ ይዘልቃል። የላይኛው አፉ ክፍት ነው። በፊዚክስ ክፍል እንደተማርነው፣ የተገናኙ ዕቃዎች ውስጥ ያለ ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ባሕሩ ሁልጊዜ ቱቦው ውስጥ አለ፤ ግን ውጭ ካለው ውሃ ከፍታ በላይ ስለማይወጣ አይፈስም። በቤተሰቡና በባሕሩ መካከል ያለው ግድግዳ እንግዲህ የቱቦው ጎማ ነው፤ ግድግዳውን የያዘው ደግሞ ቀለበቷ ናት።

ይህ ግድግዳ ቢቀደድስ? ከውሃ በታች በ30 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ፣ ስፋቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቀዳዳ በደቂቃ 40 ሊትር ያህል ውሃ ያስገባል። በአምስት ደቂቃ አንድ በርሜል ማለት ነው። በጀሪካን የሚጨለፍ አይደለም።

ቱቦውን በባትሪ ብርሃን ስናየው ከላይ ጤነኛ ይመስላል። ቀለበቱም ያብረቀርቃል። ሽማግሌው ከኪሱ ትንሽ ማግኔት አወጣና ወደ ቀለበቱ አስጠጋው። ጠፍጣፋው ብረት ማግኔቱን አልያዘውም፤ የሚያጠብቀው ብሎን ግን ጠብ አድርጎ ያዘው። ቀለበቱ አይዝጌ ብረት ነው፤ ብሎኑ ግን ተራ ብረት በቅብ የተሸፈነ ነው። ቅቡ ካለቀ በኋላ ከውስጥ ዝጎ ጥርሱ ተበልቷል። እንዲህ ያለ ቀለበት በርካሽ ዋጋ ስለሚሸጥ ሰው ሳያውቅ ይገዛዋል።

ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነበር። በአንገቱ ዙሪያ ነጭ ሲሊኮን ተለጥፏል። አንድ ሰው ቀደም ሲል ውሃው ሲገባ አይቶታል ማለት ነው። አይቶም ቱቦውን አውልቆ ከመቀየር ይልቅ ላዩን ለጥፎበታል፤ ከዚያም ሸጦታል።

ሕጉስ ምን ይላል?

የእህቴ ልጅ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ልከሰው?» አለኝ። ወረቀቱን አሳየኝ። «ባለበት ሁኔታ ተሸጧል» ይላል፤ ፊርማውም አለ።

የእኛ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሚሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ገዢውም ዕቃውን እንደተረከበ ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ማሳወቅ አለበት። በአሜሪካ ደግሞ ዕቃው ለአገልግሎት ብቁ ነው የሚለው፣ በሕግ የሚገመተው ዋስትና የሚጸናው በዚያ ዓይነት ዕቃ በሚነግድ ሰው ላይ ነው፤ «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃልም በሕግ የሚገመቱ ዋስትናዎችን ያስቀራል። ማታለል ማስረዳት ከተቻለ መንገድ አለ። ሲሊኮኑን ማን እንደለጠፈው፣ መቼ እንደለጠፈው፣ ምን አስቦ እንደለጠፈው ግን በምን እናስረዳ? «ለጠበቃ የምትከፍለውን ለቱቦ ክፈል» አልኩት። ከሙያዬ ከሰጠኋቸው ምክሮች ሁሉ ይህኛው ሳይሻል አይቀርም።

ፈተናው

እህቴ ወደ አዲስ አበባ የምትመለሰው ከአሥራ ስድስት ቀን በኋላ ነው። ልጇ ይህችን ጀልባ የገዛት በአመዛኙ እሷን ለማሳፈር ነው። ያደገው ካዛንቺስ እንጂ ባሕር ዳር አይደለም፤ ግን አንድ ቀን እናቱን ውሃ ላይ ሊያወጣት ተመኝቷል። ስለዚህ ተፈተነ። «አዲስ ቀለበት እናጥብቅበትና እሑድ እንውጣ፤ ዋናውን ሥራ እናንተ ስትሄዱ እሠራዋለሁ» አለ።

መልሱን የሰጠችው እህቴ ናት። «ውሃ የገባበትን ሳታይ እኔን አታሳፍረኝም» አለችው። ጉዞው ተሰረዘ። ጀልባዋም በማንሻ ቀበቶ ተይዛ ከውሃ ወጣች።

ሥራው

በመጀመሪያ ስለ አደጋው ልናገር። 250 ኪሎ የተንጠለጠለ ብረት ሥር ማንም ሰው አይገባም፤ በአሮጌ ገመድ ተይዞ ሳለ ደግሞ በጭራሽ። ጀልባዋ ከፍ ተደርጋ በጠንካራ ድጋፎች ላይ ቆመች። ከኪሉ ሥር ወፋፍራም እንጨት ተደረደረ። ኪሉ እንጨቱ ላይ እስኪያርፍ ቀስ በቀስ ወረደ። ክብደቱ ሙሉ በሙሉ ከገመዱ ከወረደ በኋላ ነው ብሎን የተነካው። ተሳቢ ላይ እንዳለች ይህን ሁሉ መሥራት አይቻልም፤ ኪሉ የሚወርድበት ቦታ የለውምና።

አንደኛ፣ ቱቦው። አሮጌው ተቆርጦ ወጣ። ቀለበቱ በነበረበት ሥፍራ ጎማው ከውስጥ ተሰነጣጥቋል። ሲሊኮኑ በምላጭና በብርጭቆ ወረቀት አንድም ሳይቀር ተፋቀ፤ ሲሊኮን ባለበት ላይ ሌላ ማሸጊያም ቀለምም አይጣበቅምና። አንገቱ በአሴቶን ተወለወለ፤ ስንጥቅ እንዳለውም ተፈተሸ። ከዚያ ለባሕር ሥራ የተዘጋጀ ወፍራም ቱቦ ገባ፤ የአትክልት ማጠጫ ቱቦ አይሆንም። ቀለበት አንድ ሳይሆን ሁለት ተደረገለት፤ ብሎናቸውም በማግኔት ተፈተነ።

ሁለተኛ፣ ፒኑ። ይህ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ዘንግ ኪሉን በሙሉ ይሸከማል። ግራና ቀኝ ሁለት መያዣዎች አሉት፤ እነሱም ከሥር ወደ ላይ በሚገቡ ብሎኖች ከጀልባዋ ሆድ ጋር ታስረዋል። ኪሉ በተወዛወዘ ቁጥር ፒኑ ይበላል፣ ወይም የኪሉ ቀዳዳ ይሰፋል። የእኛው ፒን ሲወጣ መሐሉ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ መስመር ነበረበት። «ገና ይሠራል» ማለት ይቻል ነበር። ግን ኪሉ አንዴ ከወረደ በኋላ ያንን ፒን መልሶ መክተት፣ ቤት አፍርሶ አሮጌውን ቧንቧ እንደ መቅበር ነው። ተቀየረ። ቀዳዳው ከመጠን በላይ ቢሰፋ ኖሮ ደግሞ ተሞርዶ ክብ እንዲሆን ይደረግና ቡሽ ይገባበት ነበር። በኪሉና በመያዣዎቹ መካከል ያለው ክፍተትም በሮንዴላ ተሞላ፤ ኪሉ ወደ ጎን እንዳይንገጫገጭ።

ሦስተኛ፣ የመያዣዎቹ ብሎኖች። ስለ ማሸጊያ ማወቅ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ማሸጊያ ሁሉ አንድ አይደለም። ፖሊዩሬቴን የሚባለው በጣም ጠንካራ ነው፤ ያጣብቃል እንጂ ማሸግ ብቻ አይደለም ሥራው። በኋላ ማላቀቅ ካስፈለገ ፋይበር ግላሱን ገንጥሎ ሊነሳ ይችላል። ፖሊሰልፋይድ ለስለስ ያለ ነው፤ ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ ሲፈለግም ይላቀቃል። ነገር ግን አንዳንድ ፕላስቲኮችን ይበላል። ሲሊኮን ከውሃ መስመር በታች ቦታ የለውም። እኛ አንድ ቀን መፈታቱ ለማይቀር ነገር ፖሊሰልፋይድ መረጥን። የብሎኑ ጥርስና አንገቱ ሥር ተቀባ፤ ጥቂት እስኪፈልቅ ድረስ ብቻ ተጠበቀ። ማሸጊያው ጠንከር ሲል ነው የመጨረሻው ዙር የተሰጠው። መጀመሪያውኑ በሙሉ ኃይል ቢጠበቅ ማሸጊያው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣና ብረት ከፋይበር ግላስ ጋር ደርቆ ይቀራል። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ጥርሱን ያበላሻል።

አራተኛ፣ ዝገቱ። ጊዛ በጨው ውሃ ውስጥ ከአይዝጌ ብረት ወይም ከነሐስ ጋር ሲነካካ የሚበላው እሱ ነው። የኪላችን ቆዳ እንደ ዳቦ ቅርፊት ይነሳ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በቅድሚያ ጨው በሌለበት ውሃ በደንብ ይታጠባል፤ ጨው ቀለም ሥር ከቀረ ቀለሙን ያሳብጠዋል። ከዚያ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ይፈጋል። የባሕር አየር የተፋቀ ብረትን በሰዓታት ውስጥ መልሶ ማዛግ ስለሚጀምር፣ ጠዋት የተፋቀው እዚያው ቀን ኤፖክሲ መቀባት አለበት። ጎድጓዳው በኤፖክሲ ስቱኮ ይሞላል፤ ከላዩ ሁለት ሦስት እጅ ኤፖክሲ፣ በመጨረሻም የባሕር ተክልና ዛጎል እንዳይለጠፍበት የሚከላከለው ቀለም።

ገመዱና ዊንቹ

ገመዱ ቢበጠስ ኪሉ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። 250 ኪሎ ብረት ሲወድቅ ሰገባውን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቱቦ መቀየር አይበቃም። የሽቦ ገመድን ለመፈተሽ በእጅ አይዳሰስም፤ ጨርቅ ይዞ ከላይ እስከ ታች ማሳለፍ ነው። ጨርቁ ከያዘ የተበጠሰ ሽቦ አለ፤ አንድ ሽቦ ከተበጠሰ ገመዱ በሙሉ ይቀየራል። ከቱቦው ውስጥ ያለው ክፍል ግን ሳይወጣ አይታይም። የሚበላውም በአብዛኛው እሱ ነው፤ አይዝጌ ብረት እንኳ ጨው ባለበት፣ አየር በማይደርስበት ጠባብ ቦታ ውስጥ ውስጡን ይበላል።

ዊንቹን በተመለከተ አንድ ስሕተት የተለመደ ነው። ሰው ማለስለስ ጥሩ ነው ብሎ ሁሉንም በግራሶ ይሞላዋል። ጥርሶቹ ግራሶ ይፈልጋሉ፤ ፍሬኑ ግን በሰበቃ የሚይዝ ስለሆነ ግራሶ ከነካው ይንሸራተታል። የመኪና ፍሬን ላይ ዘይት የሚያፈስ ማን አለ?

ሌላም ማወቅ የሚገባው ነገር አለ። ኪሉን በወረደበት የሚቆልፍ ብሎን አለ። ነፋስ በበረታ ጊዜ ይጠበቃል፤ ምክንያቱም ጀልባዋ ብትገለበጥ ያልተቆለፈ ኪል ወደ ሰገባው ተመልሶ ይገባል፣ መልሶ የሚያቆማት ክብደትም ያኔ ይጎድላል። ይህ ብሎን የሚያልፍበት ቀዳዳም ሌላው የውሃ መግቢያ ስለሆነ አብሮ ይታሸጋል።

ፈተሻው

ሥራው አምስት ቀን ወሰደ፤ ማሸጊያውና ቀለሙ እስኪደርቁ ደግሞ ሌላ ሳምንት ጠበቅን። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጀልባዋ ወደ ውሃ ወረደች፤ ግን ከተሳቢዋ ሳትላቀቅ። ሽማግሌው ያስተማረን ይህን ነው፦ ውሃ ላይ ከተንሳፈፈች በኋላ ተሳቢው ከሥሯ እንዳለ ቆይ፤ ካፈሰሰች መልሰህ ትጎትታታለህ። በቱቦው ሥርና በቁልፉ ብሎን ዙሪያ ደረቅ ሶፍት አነጠፍን። ሶፍት አይዋሽም፤ አንዲት ጠብታ ብትነካው ያሳያል። ግማሽ ሰዓት ተቀምጠን ሶፍት ስናይ ለተመለከተን እብዶች እንመስል ነበር። ደረቅ ነበር። በማግስቱ ጠዋትም ደረቅ ነበር።

በአሥራ አራተኛው ቀን እህቴ ተሳፈረች። ነፋሱ ሲያነሳን ከወለሉ ሥር እንደ ማንጎራጎር ያለ ድምፅ መጣ። ደንግጣ ልጇን አየችው። «የገመዱ ድምፅ ነው እማዬ፤ ውሃው ሲያልፍበት ይርገበገባል፣ ምንም አይደለም» አላት። እውነቱን ነው። ማንጎራጎር የጤና ነው፤ ጧ ጧ የሚል ድምፅ ከሆነ ግን ፒኑ ተበልቷል ወይም ክፍተቱ ሰፍቷል ማለት ነው።

ምን እንያዝ?

መኪና ያላችሁ አንባቢዎቼ ይህን ታውቁታላችሁ። የሞተር ጥርስ ቺንጊያ የሚቀየረው ሲበጠስ አይደለም፤ ኪሎ ሜትሩ ሲደርስ ነው። ምክንያቱም ከመበጠሱ በፊት ምልክት አይሰጥም፤ ከተበጠሰ በኋላ ደግሞ የሚቀየረው ቺንጊያው ሳይሆን ሞተሩ ነው። የኪል ቱቦ፣ ገመድና ፒንም እንዲሁ ናቸው። የማይታይ ነገር የሚጠበቀው በዓይን ሳይሆን በቀን መቁጠሪያ ነው። ጀልባዋን ሊያሰጥም የነበረው 250 ኪሎው ብረት አልነበረም፤ ዋጋው ከአንድ ቤተሰብ ምሳ የማይበልጥ ቱቦና ከዚያም ያነሰ ቀለበት ነው። አምራቹንም ልንወቅስ አንችልም፤ ጎማ ያረጃል። ጥፋቱ ያረጀውን አይቶ ላዩን የለጠፈው ሰው ነው።

ስለዚህ አሮጌ ጀልባ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ሸራውን ከማየታችሁ በፊት ደረጃውን አንሱና ቱቦውን እዩ። ነጭ ሲሊኮን ካያችሁ ጠይቁ፤ «ቱቦው መቼ ተቀየረ?» በሉ። መልስ ከሌለ ከውሃ ወጥታ ካልተፈተሸች አትፈርሙ።

የእህቴ ልጅ አሁን ከዊንቹ አጠገብ አንዲት ደብተር አንጠልጥሏል። ቱቦ፣ ገመድ፣ ፒን፣ ማሸጊያ የተቀየሩበት ቀን ተጽፎባታል። ጀልባዋን አንድ ቀን ቢሸጣት ደብተሯን አብሮ እንደሚሰጥ ነግሮኛል። በሕግ አይገደድም፤ ግን እንዲህ ያለ ሻጭ ቢያጋጥመው ኖሮ እኛም ያንን ውሃ «ዝናብ ነው» ባላልን።

ቸር ይግጠመን።